ባለ አራት ቀዳዳ ማኅተም

ሸርፍ ተራ፣ ከደረጃው ግርጌ፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት
አንድ ሰው ቦርሳ ከፈተ፣ እንደ ሐኪም በጥንቃቄ፣ እንደ ነጋዴ በፍጥነት።
የአሳታሚ ወኪል ነው፤ ስሙ ይመር፣ አገሩ ሐይቅ፤
ጫማው ጭቃ፣ ከረባቱ ንጹሕ፣ ሳቁ እንደ አዲስ መጽሐፍ ገጽ የሚጣበቅ።

«ድሮ ለትምህርት ቤት ነበር የምንሸጠው፣ በካርቶን፣ በጭነት መኪና፤
ዘንድሮ ቤት ለቤት ወርደናል፣ ቤቱም ገበያ ሆነና።
ልጁን ቤት የሚያስተምር ሁሉ ደንበኛችን ነው፣ በቃ፤
አምስት መጽሐፍ በአንድ ጥቅል፤ የመምህሩ መምሪያ ግን ለብቻ፣ እሱ ሌላ ዕቃ።»

እኔ ሰፊ ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁም፤
ነጃትን ከትምህርት ቤት ያወጣኋት ከማንም ተጣልቼ አይደለም።
ስሟ ተጠርቶ «አ... አ...» ብላ «አቤት» እስክትደርስ
መምህሩ ሦስት ስም አልፈው፣ ብዕራቸው ሌላ መስመር ሲዳስስ፣
ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ
«ቀሪ» ትባል ነበር፣ በቀይ፣ አንድም ቀን ሳትታጣ።
ክፉ ሰው አይደሉም። ሰባ ሁለት ልጅ፣ አርባ ደቂቃ፦
አካፍዬዋለሁ በስፌት ጠመኔ፣ ጨርቅ ላይ፣ ማታ ሥራዬ ሲያበቃ።
ለአንድ ልጅ ሠላሳ ሦስት ሰከንድ፣ ከትንሽ ቁራጭ ጋራ፤
የእኔ ልጅ በዚያ የምትጨርሰው አንድ ቃል ነው፣ እሱንም በመከራ።
ቀሪ ከተባለች አይቀር፣
ትቅር አልኩ። ቤቴ ቀረች።

መጽሐፉን ገለጥኩ። ገጽ አሥራ አራት፦ «አምስት አምስት ሆናችሁ ተወያዩ።»
ገጽ ሃያ፦ «አጠገባችሁ ያለውን ጓደኛ ጠይቁ፤ መልሱንም ለክፍሉ አሳዩ።»
አጠገቧ ያለው ካውያ ነው። ካውያ ምን ይጠየቃል?
«ይመር» አልኩት፣ «ለአንዲት ልጅ የተጻፈው ገጽ የቱ ጋ ይገኛል?»
«ለቤት ተብሎ የታተመ ነው፤ ሽፋኑን ይዩት፣ አዲስ!»
«ሽፋኑማ። እኔም አሮጌ ኮት እገለብጣለሁ፣ ውስጡ ውጭ እስኪመለስ፤
ግን ግልብጥ ነው ብዬ ነው የምሸጠው።»
ዝም አለ። ከረባቱን ነካ። ላብ ጀመረው።

ከመጋረጃው ጀርባ ነጃት፦ «አ... አምስት ሰው ያ... ያስፈልጋል።»
ቆጠርን። እኔ፣ እሷ፣ ይመር፤ ሰዓት ጠጋኙ አደም ከጎን ሱቅ ይመጣል፤
አምስተኛዋ በር ላይ የቆመችው ራስ የሌላት አሻንጉሊቴ፣
የሰው ሙሽራ ቀሚስ ለብሳ። በቡድን ሞላ ቤቴ።

ጥያቄ፦ የአካባቢያችሁ ውሃ ከየት ይመጣል?
ነጃት «ከ...» ብላ ቆመች።
ይመር ሰዓቱን ሊያይ ሲል አደም መዳፉን ከደነበት፤
«ስንቱን ከፍቼ አይቻለሁ፤ የዘገየ ሁሉ፣ ማን ነገረህ፣ ብልሽት አለበት?»
ወደ እሷ ዞሮ «አብሽሪ» አላት።
መኪና ዳገቱን ወጣ። አዛን ተጀምሮ አለቀ።
ቃሏ ከጉሮሮዋ ተነሥቶ ከንፈሯ ላይ ደረቀ፣
ተመለሰ፤ እንደገና።
«ከ... ከ... ከማክሰኞ።»

ማንም አልሳቀ። እውነቷን ነው፤ ቧንቧችን ማክሰኞ ሌሊት ነው የሚያጉረመርም።
ይመር መምሪያውን ገለጠ፦ ወንዝ፣ ምንጭ፣ ዝናብ። ማክሰኞ የለም።
እርሳስ ለመነኝ። ኅዳጉ ላይ ጻፈው፣ ፊደሉን ለቀም ለቀም አድርጎ፤
መምሪያውንም በነጻ ተወልኝ፣ «የተጻፈበት አይሸጥም» የሚል ሰበብ ፈልጎ።

ለጥቅሉ ግን ተከራከርን። ቅናሹ ለትምህርት ቤት ነው ብቻ፤
ቅጹ ስም ይላል፣ ብዛት ይላል፣ ማኅተም ይላል መጨረሻ።
ስም፦ ነጃት ትምህርት ቤት። የተማሪ ብዛት፦ አንድ።
ቀሪ፦ የለም።
ለማኅተሙ ከሣጥኔ ትልቅ የካፖርት አዝራር አነሣሁ፣
የብዕር ቀለም ቀብቼ ቅጹ ላይ ተጫንኩት፦
ክብ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ሰማያዊ።

አዝራሩን በኋላ ለማን ካፖርት እንደ ሰፋሁት ጠፋኝ።
የጦሳ ብርድ ሲወርድ፣ ሰኞ ገበያ ስሄድ፣ ዓይኔ የሰው ደረት ላይ ነው፤
ደሴ ውስጥ አንድ ሰው፣ ምንም ሳያውቅ፣
የትምህርት ቤታችንን ማኅተም ቆልፎ ይዞራል።